ለአንድ ጥንግ የሄደው ማሳ

ስለ ገና ጨዋታ ሲወራ ዝም ብዬ መስማት አልችልም። ከተማ ያደጉ ሰዎች «አገር ቤት ገና እንዴት ደስ ይል ነበር!» ሲሉ ደሜ ይፈላል። ደስ አይልም አላልኩም፤ ይላል። እኔ ግን በዚያ ጨዋታ የአባቴ ማሳ ከእጃችን ሲወጣ አይቻለሁ። ያውም ተሸንፈን አይደለም፤ ማሳው የሄደው ስላሸነፍን ነው።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ወጥቶ አገር ከተረጋጋ በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። እኛ የጋይንት ሰዎች ነን፤ ከንፋስ መውጫ ወረድ ብሎ ካለ ደብር። በእኛ ደብርና ከበላያችን ባለው ደብር መካከል ሰፊ መስክ አለ። እነሱ ላይኞች፣ እኛ ታችኞች እንባላለን። ገብሱ ታጭዶ ኅዳር ሲገባ የሁለቱም ደብር ጎበዝ ጫፉ የተቆለመመ ዱላውን ይዞ መስኩ ላይ ይወጣል። ዱላው እንደ በዓሉ ገና ይባላል፤ ከእንጨት ተጠርባ የምትለጋዋ ድቡልቡል ደግሞ ጥንግ ናት። ጥንጊቱን እየለጋ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ወገን አሸነፈ ማለት ነው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ልምምድ ነው፤ ቁርጡ የሚለየው በልደት ቀን፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ነው።

እኛ ታችኞች መሸነፍ ልማዳችን ነበር። ሽማግሌዎቻችን «በእኛ ጉብዝና ጊዜማ...» ብለው ይጀምራሉ እንጂ፣ ማሸነፋችንን በዓይኑ ያየ ሰው አልገጠመኝም።

ሽንፈቱ ባልከፋ፤ የሚከፋው ግጥሙ ነው። ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በዘፈን ይሰድባል። በዚያን ዕለት ስድብ ማንም አይከሰስበትም፤ ጭቃ ሹሙ እንኳ ቢሰደብ ስቆ ነው የሚያልፈው። ግጥሙ ግን ከበዓሉ ጋር አያልፍም። ደቦ ላይ ይነሳል፣ ገበያ ላይ ይነሳል። እኔ ሚስቴን ያገባሁት ከላይኞች ነው። በቅልቅሉ ቀን ወንድሞቿ በገዛ ዳሳችን ተቀምጠው፣ የእኛን ጠጅ እየጠጡ እንዲህ ብለው ገጠሙ፦

የታች ሰፈር ጎበዝ ምን ነካው ዘንድሮ፣
ጥንግ ያባርራል እንደ ባልቴት ዶሮ።

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ሙሽራዋ ሳትቀር በኩታዋ ተሸፍና ስትስቅ አየኋት። አባቴ ግን አልሳቀም። የያዘውን ብርሌ አስቀመጠና ሰው እስኪበተን ድረስ ደግሞ አልነካውም።

እንዲህ ያለው ስድብ ለእሱ የሚገባ አልነበረም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምን ነበር። የአገሩ ዘር ቆጣሪ እሱ ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ አገር መሬት የሚገኘው በትውልድ ነው። አገሩን መጀመሪያ ያቀና አንድ አባት አለ፤ ከእሱ መወለዱን ያስቆጠረ ሰው «ድርሻዬን» ብሎ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። ማስቆጠር ያቃተው ባዳ ነው፤ ዕድሜ ልኩን እዚያው ቢኖርም ባዳ ነው። አባቴ ከአቅኚው አባት ጀምሮ የተወለደውን ሁሉ፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን ሳይወልድ እንደቀረ፣ የማን ድርሻ ወደ ማን እንደዞረ፣ አንዲት ሳይሳሳት ያወርደዋል። በድንበር የተጣሉ ሰዎች አጥቢያ ዳኛው ፊት ሲቆሙ የነገሩ መጨረሻ «እሳቸው ይጠሩ» ነበር። አባቴ ከተናገረ በኋላ ሌላ ምስክር የሚጠራ የለም።

ምርጡ ማሳችን ከመጫወቻው መስክ በላይ፣ ከምንጩ ሥር ነበር። ዝናቡ ቢያጥርም አፈሩ ስለማይደርቅ እርጥቡ እንለዋለን። አባቴ ጎጆ ስወጣ የሰጠኝ እርጥቡን ነው። ከጫፉ ላይ ቤት ልሠራ ምሰሶና ማገር ቆርጬ ከምሬ ነበር። የቀረው መሬታችን ድንጋይ ነው፤ እሱም ለአባቴና ለእናቴ ጉሮሮ እንኳ የማይበቃ። ስለዚህ እርጥቡ ካለ እኔ አገር አለኝ፤ እርጥቡ ከሌለ ቤቴን ሚስቴን ይዤ መሰደድ ነው።

ከሠርጌ በኋላ አባቴ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ አንድ ነገር ካላደረግን አለ። በእስቴ አንድ ስመ ጥር አበጋዝ አለ ተባለ። አበጋዝ የምንለው የጨዋታውን መሪ ነው፤ ማን የት ይቁም፣ ማን ለማን ይምታ የሚለውን የሚያዝ። ይህ ሰው የተሸናፊ ደብር እየያዘ አሸናፊ ያደርጋል ይሉ ነበር። ከስማዳ የመጡ ነጋዴዎች በወገዳ ገበያ ስሙ ከእህል ዋጋ ቀጥሎ ይነሳል ብለው አወሩን። እኛ ሰዎች ደግሞ ዝና ስንሰማ ልባችን ቶሎ ይቀልጣል። በክረምቱ መውጫ ሽማግሌ ተልኮ፣ ለምኖ አስማምቶ አመጣው።

ሲመጣ ሳየው ኀፍረት ተሰማኝ። አጭር ነው፤ ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል፤ ሲናገር ጆሮህን ማስጠጋት አለብህ። አንድ ጋቢና አንድ የወይራ ገና ይዟል፣ ሌላ ምንም የለውም። የአባቱ ርስት በሙግት ሄዶበት የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ሰው መሆኑን በኋላ ሰማን። ማረፊያውም የእኛ ቤት ሆነ።

ሚስቴ እንጀራ አቀረበችለትና ጓዳ ገብታ በጆሮዬ፣ «ይኼ ነው ወንድሞቼን የሚያሸንፈው? ይኼስ ፍየል የሚመልስም አይመስል» አለችኝ።

በማግስቱ መስክ ወጣን። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «በሉ ተጫወቱ» አለን። ለሁለት ተከፍለን ተራወጥን፣ ቁርጭምጭሚት ለቁርጭምጭሚት ተቀጣቀጥን፣ ላባችን ጠብ እስኪል ሮጥን። እሱ ከድንጋዩ አልተነሳም። ደክሞን ስንቆም ተነሳና፣ «እናንተ ግብር ላይ ነው እንዴ ያላችሁት?» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባንም። «ጥንጊቱን መጀመሪያ የሚመታው የጭቃ ሹሙ ልጅ ነው። ቀጥሎ የመሪጌታው ልጅ። ከዚያ በየማዕረጋችሁ። ይኼ የእኩል አራሹ ልጅ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ሲጮህ ማንም አልሰጠውም። ላይኞች ይኼን አውቀውባችኋል። የጭቃ ሹሙን ልጅ ከያዙ ጨረሱ» አለ።

እውነቱን ነው። በልጅነታችን ማዕድ ላይ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ተምረን፣ ያንኑ ሜዳ ላይ ይዘነው ወጥተን ነበር። ይህን ያወቀብን ከእስቴ የመጣ ባዳ መሆኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የጭቃ ሹሙን ልጅ ወደ ኋላ ወሰደው። አኮረፈ፤ አበጋዙ ዞር ብሎም አላየው። ደወል ደዋዩንና የእኩል አራሹን ልጅ ከፊት አደረጋቸው። እኔን ወስዶ ከላይኞች ድንበር አጠገብ ካለች ጎድጓዳ ቦታ አቆመኝና፣ «አንተ ከዚህች አትነቃነቅ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ ቁም። ጥንጊቱ ራሷ ትመጣለች» አለኝ። ኅዳርን ሙሉ ቆምኩ። ጓደኞቼ «የጉድጓዱ ባላባት» እያሉ ሳቁብኝ። ሚስቴማ «ዛሬስ ጉድጓድህ ደኅና ዋለች?» ሳትለኝ ራት አታቀርብም ነበር።

ሰውዬውን ወደድኩት። ይህንን ካልተናገርኩ ነገሬ ሁሉ ውሸት ይሆናል። እግሬ ሲቆስል ቅጠል ቀጥቅጦ ያሰረልኝ እሱ ነው። የማይጮህ፣ የማይሳደብ፣ ያጠፋኸውን ለብቻህ የሚነግርህ ሰው ነበር። ምሽት ምሽት እሳት ዳር ሲቀመጥ አባቴ የለመደውን ያደርጋል፤ ለእኔ ዘር ያስቆጥረኛል። እኔ ስሳሳት አባቴ ያርመኛል፤ አበጋዙ አገጩን በእጁ ይዞ ያዳምጣል። አንድ ቀን፣ «አባቴ፣ ይኼን ሁሉ በቃል? እኔ እኮ ከአያቴ ወዲያ ማንንም አላውቅ» አለው። አባቴ እንዴት ደስ እንዳለው! ከዚያ ወዲያ ለእንግዳው ሲል ይበልጥ እያስረዘመ ያወርድ ጀመር።

አቅኚው አባት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ድርሻ ተቆርጦላት ነበር፤ ነገር ግን በሕፃንነቷ ፈንጣጣ ገደላት። ድርሻዋ ለወንድሟ ዞረ፤ ወንድሟ የእኛ አያት ቅድመ አያት ነው። የእሷ ድርሻ የነበረው ማሳ እርጥቡ ነው። አባቴ ይህን እሳቱ ዳር ለሁላችንም ተናግሮታል፤ አበጋዙም ሰምቷል፣ ሚስቴም ሰምታለች።

ልደት ደረሰ። ቅዳሴ ወጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሁለቱ ደብር መስኩ ላይ ተሰለፈ። ገና ጥንጊቱ ሳትጣል ከላይኞች ሽማግሌ አንዱ ዱላቸውን ዘርግተው፣ «ቆይ! ይኼ ሰው ማን ነው? የደብር ልጅ ካልሆነ አይገባም። በባዳ ልታሸንፉን ነው?» አሉ።

ወጉ ነው፤ ልክ ናቸው። ልምምድ ላይ ማንም ያስተምር፤ የልደት ቀን መስክ የሚገባው ግን የደብሩ ልጅ ብቻ ነው። አጥቢያ ዳኛውም እዚያው ቆመው ነበር። «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። የእኛ ሽማግሌዎች አንዱ አንዱን አየ፤ ከዚያ ሁሉም አባቴን አዩት። ከኋላው አንዱ፣ «ቁጠሩለት እንጂ! አንቱ ካልቆጠሩ ማን ሊቆጥር ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

ያን ጊዜ ከላይኞች በኩል ያቺን የዶሮ ግጥም አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎራት። የሚስቴ ወንድም ነበር። ሳቁ።

አባቴ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። ሙግት ላይ ሲመሰክር በሚያወጣው ድምፁ ከአቅኚው አባት ጀመረ። ወደ ልጆቹ መጣ። «ሴት ልጅም ነበረችው» አለ፤ «እሷ ወደ እስቴ ተድራ ሄደች።» ደነገጥኩ። እኔ የማውቃት ሕፃን ሆና የሞተችውን ነው። አባቴ ግን ዳራት፣ አስወለዳት፣ ልጇን አስወለደ፣ የልጅ ልጇን አስወለደ፤ አንድ በአንድ ስም እየሰጠ አወረደና አበጋዙ ላይ አደረሰው። «ታቦቷ ምስክሬ ናት» ብሎ ጨረሰ። ከላይኞች አንድም ሰው አልተከራከረም። አባቴን ማን ይከራከራል?

አበጋዙ መሬት መሬት ያይ ነበር። አባቴ ሲያበቃ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ያየሁት ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስለ ጨዋታው ብዙ አልልም። ላይኞች የጭቃ ሹሙን ልጅ ሲከብቡ ደወል ደዋዩ ነፃ ወጣ፤ እሱ ለእኩል አራሹ ልጅ ሰጠ፤ የእኩል አራሹ ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ወደ እኔ ለጋት። ሰው ሁሉ መሀል ሜዳ ነው። እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ጥንጊቱ እንዳለው ራሷ መጣች። መታኋት፤ ድንበር አለፈች። ታችኞች አሸነፉ፤ ያሸነፈላቸውም የእኔ ዱላ ነው። በእርጥቡ ላይ የፈረደች ዱላም እሷው ናት።

አባቴ ሲጨፍር ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌው ሁሉ ትከሻውን እየነቀነቀ መንደር ገባ። ሚስቴ ብቻ አልሳቀችም። ወንድሞቿ ስለተሸነፉ መሰለኝና ላሾፍባት ስል፣ «እርጥቡ የማን ድርሻ ነበር ያሉት አባባ?» አለችኝ። ቀጠለችና፣ «ለጥንግ ብለው የሞተች ልጅ አስወለዱ። አሁን የልጇ ልጅ ቢመጣስ?» አለች። ከሁላችንም ቀድማ ያየችው ይህቺ ከላይኞች የመጣች ልጅ ናት።

ጥምቀት አለፈ፤ ሰውዬው አልሄደም። ዐቢይ ጾም ገባ፤ አልሄደም። ጾም ተፈቶ የእርሻ ወራት ሲቃረብ አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ፣ በዚያ በማይሰማ ድምፁ አባቴን፣ «አባቴ፣ የአያቴን ድርሻ መቼ ነው የሚያሳዩኝ?» አለው።

አባቴ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ቀና ሲል ሰውዬው አይስቅም።

«ልጄ፣ አንተ እኮ ታውቃለህ። የጨዋታ ነገር ነው» አለ አባቴ።

«ምኑን ነው የማውቀው? እኔ ከአያቴ ወዲያ ማንንም አላውቅም ብዬዎት ነበር። ማን እንደሆንኩ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ታቦት ጠርተው ነው የነገሩኝ። እኔ ቁጠሩልኝ ብያለሁ?»

አላለም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። አንድ ቀን አልለመነንም። እኛው ሄደን አመጣነው፣ እኛው ዘር ሰጠነው፣ እኛው በታቦት አሰርንለት። እርጥቡን የነጠቀኝ ሌባ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በሰላም እጠላው ነበር።

ከሰሰ። አጥቢያ ዳኛው ቀን ቆረጡ። አባቴ ሌሊት እንቅልፍ ካጣ በኋላ እውነቱን ሊናገር ቆረጠ፤ «ዋሽቻለሁ እላለሁ፤ ንስሐ አባቴ የሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ፤ ልጄን አላፈናቅልም» አለኝ። እጁን ሳምኩት። ጠዋት ወደ ዳኛው ስንወርድ ግን ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ቆመው ጠበቁን። እነዚያው ናቸው፤ «ቁጠሩለት እንጂ» ያሉት። አሁን ፊታቸው ጠቁሯል።

«እንዴት ያለ ነገር ሊያመጡብን ነው?» አሉት። «አንቱ በታቦት ዋሸሁ ካሉ፣ ነገ ላይኞች ተነስተው ከዚህ በፊትም ዋሽተዋል ሊሉ አይደለም? የእኔ ድንበር የቆመው በአንቱ ቃል ነው። የእሱም ድንበር በአንቱ ቃል ነው። ቃልዎን ካፈረሱ አገሩን ሁሉ አፈረሱት!»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ለሽማግሌዎቹ፣ «ታዲያ እናንተም ከየድርሻችሁ ትንሽ ትንሽ ቁረጡልኝ። ያሸነፍነው አንድ ላይ ነው» አልኳቸው። «እሱ አይገድም፤ ትንሽ ጊዜ ስጠን፣ እናስብበታለን» አሉ። ያቺ ትንሽ ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀችም። የጨፈሩት ሁሉም ናቸው፤ ማሳ የቆረጠ ግን የለም።

ዳኛው፣ «የልደት ቀን የቆጠሩት ቆጠራ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። እኔን አላየኝም። መስኩ ላይም እንደዚሁ አላየኝም ነበር። «ቃሌ አንድ ነው» አለ። በሦስት ቃል እርጥቡ ሄደ። ቤት ገብቶ ሲቀመጥ፣ «ምን ላድርግ ልጄ? ሰው ሁሉ በእኔ ላይ ቆሟል» አለኝ። እኔ የቆምኩት በማን ላይ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሰደብኩት ማለት አልችልም፤ አልሰደብኩትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕዱን ከእሱ ጋር ስቆርስ እጄ ይከብደኝ ነበር።

አበጋዙ እርጥቡን አረሰ። በሚገባ አረሰው፤ ደጋግሞ ገምሶ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ። እኔ ለቤቴ የከመርኩትን እንጨት፣ «ውሰድ ወንድሜ፣ የአንተ ነው» ብሎ በር ድረስ አሸክሞ ላከልኝ። ወንድሜ ነበር የሚለኝ! በሚቀጥለው ገና ሊመራን አልወጣም። «እኔ አሁን ባለ ርስት ነኝ፤ ሥራ አለብኝ» አለ። የጭቃ ሹሙ ልጅ ወደ ፊት ተመለሰ፤ እኛም እንደ ድሯችን ተሸነፍን። ያን ቀን የላይኞች ግጥም ይህ ነበር፦

ዘር ቆጣሪው አባት ቆጥሮ ቆጣጥሮ፣
ለባዳ ርስት ሰጠ ልጁን አባርሮ።

የገና ስድብ ነውና አንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። በዚያው በጋ ሚስቴን ይዤ ንፋስ መውጫ ገባሁ። የአንድ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ሆንኩ፤ እህል ስመዝን፣ ጆንያ ስሰፋ ኖርኩ። ሌሎች ያመረቱት ገብስ በእጄ ሲያልፍ አንዳንዴ አፈስ አደርግና አሸተዋለሁ፤ የእርጥቡን እለየዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። አይለይም።

አባቴ ሲሞት አልደረስኩም፤ ለተዝካሩ ነው የደረስኩት። ድግሱን ያወጣው አበጋዙ ነው። በሬውን ያረደው እሱ፣ ካህናቱን የተቀበለው እሱ። አርጅቷል፤ እግሩ ብሶበታል፤ ራሱን ለሐዘን ተላጭቷል። ሲያየኝ ተጠምጥሞ አለቀሰ። የእውነቱን ነበር ያለቀሰው፤ የእኔ እንባ ግን አልመጣም። ሰዎች እሱን ያጽናኑታል፤ «አባትዎ ቆንጆ ዕድሜ ኖሩ» ይሉታል። እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ አባቴን እስከ መጨረሻው ያስታመመው እሱ ነው።

ምሳ ከተበላ በኋላ አንዱ ሽማግሌ፣ «እሳቸው ሄዱ፤ እንግዲህ ማን ሊቆጥርልን ነው?» አሉ። አፌን ልከፍት ስል አበጋዙ ጉሮሮውን ጠረገ። ከአቅኚው አባት ጀመረ። የአባቴ ድምፅ ነበር፤ መተንፈሻው ሳይቀር የአባቴ። አባቴ በቀሩት ዓመታት እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ያስቆጠረው ለእሱ ነው ለካ። ያቺን ሕፃን ወደ እስቴ ዳራት፤ አሁንማ የባሏ ማዕረግም ተጨምሯል፣ የበቅሎዋ ቀለምም ታውቋል። አንዲት ስም አልሳተም። በእሷ በኩል ወርዶ ራሱ ላይ፣ ከራሱ ወደ ልጆቹ ደረሰ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ተመለሰና አባቴ ላይ መጣ። ወደ ተቀመጥኩበት አንዴ አየ። «እሳቸው አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው» አለ፤ «አገር ለቆ ሄደ።» ወደ ሌላው ቅርንጫፍ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ።

ከአጠገቤ የተቀመጠ፣ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ያደገ ጎልማሳ፣ ጠላ ቀዳልኝና በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ከየት መጡ?» አለኝ።

«ከንፋስ መውጫ» አልኩት።